«ፍሳሽ» ሲሏችሁ የትኛውን ነው? የፍሳሽ ደብዳቤና ደንብ አነባበብ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ደሴ፣ ጦሳ ሥር ወዳለው የወላጆቼ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር ነው። «ከግቢያችሁ የሚወጣውን ፍሳሽ ከጎርፍ መውረጃው ላይ በ15 ቀን ውስጥ እንድታነሱ እናሳስባለን» ይላል። አባቴ አነበበው፣ እኔም አነበብኩት። ሁለታችንም የገባን አንድ ነገር ነው፤ ዲቹ ቆሽሿል፣ ጥረጉት። ሁለት የቀን ሠራተኛ ያዝን። ደለሉ ወጣ፣ ፌስታሉ ወጣ፣ የውሃ ላስቲኩ ወጣ። ዲቹ ጠራ። በሦስተኛው ሳምንት «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ሌላ ወረቀት መጣ።

ነገሩ ሌላ ነበር። ከማድ ቤትና ከልብስ ማጠቢያው የሚወጣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በበራፉ ድልድይ ሥር አልፎ ዲቹ ውስጥ ይፈስ ነበር። ሲተከል ማናችንም አላየንም። ደብዳቤው «ቱቦውን ከዲቹ አላቁ» ለማለት ነው የተጻፈው። የጻፈልን መሥሪያ ቤት ግን «ፍሳሽ» ብሎ ዘለለው። የሁለት ሠራተኛ የቀን ሂሳብ፣ ሦስት ሳምንት፣ የአባቴ እንቅልፍ፤ ሁሉም በአንድ ቃል ሄደ።

ያኔ የቤት ሳኒተሪ ሥራ ውስጥ አልነበርኩም። አሁን ነኝ። ደሴም ኮምቦልቻም እየተመላለስኩ እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አላጣም፤ የምግብ ቤት ባለቤት፣ መኪና አጣቢ፣ ቤት አከራይ። እዚህ የምጽፈው ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን የምናደርገውን ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቅደም ተከተል አድርጉት።

1. ወረቀቱን ከራስጌው ጀምሩ

መጀመሪያ የደረሳችሁን ቀን በእጃችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። የጊዜ ገደብ ስትቆጥሩ ይጠቅማችኋል። ቀጥሎ ራስጌውንና ማኅተሙን እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግማሹ መልስ ግን እዚያ ነው። «ፍሳሽ» የሚለው ቃል ከየቢሮው የሚወጣው የተለያየ ነገር ለማለት ነው።

ከመንገድና ጎርፍ ማፋሰሻ ክፍል የመጣ ከሆነ የሚያሳስባቸው ዲቹ ነው፤ ተዘግቷል፣ ወይም የማይገባው ነገር ገብቶበታል። ከውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ከሆነ ነገሩ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ማስመጠጥ፣ ቱቦ ነው። ከጤና በኩል ከሆነ ሽታ፣ ዝንብ፣ የሽንት ቤት ንጽሕና። ከአካባቢ ጥበቃ ከሆነ ደግሞ ከሥራ ቦታ ወጥቶ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መሬት የሚሄደውን ማለታቸው ነው። ቀበሌ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት አመልክቷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥቶ ማውራት ከደብዳቤው ይቀድማል።

ከዚያ «ጉዳዩ፦» የሚለውን አንብቡ፣ ግሱንም በእስክሪብቶ አስምሩበት። «እንድታነሱ»፣ «እንድታላቅቁ»፣ «እንድታስመጥጡ»፣ «እንድታጣሩ»፤ እያንዳንዱ የተለየ ሥራ፣ የተለየ ወጪ ነው። ግሱ ካልገባችሁ እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ «የትኛውን ውሃ ነው? የቱ ጋ?» በሉ። አትፈሩ። የእኛ ቤት ጥያቄ ያን ቀን ቢጠየቅ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

2. ውሃውን በአራት ክፈሉት

ከግቢ የሚወጣ ውሃ አራት ዓይነት ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደሚነሳ ምልክት አድርጉ።

አንደኛው የመጸዳጃ ፍሳሽ ነው፤ ከሽንት ቤት መቀመጫ የሚወጣው። በባለሙያ አፍ «ጥቁር ውሃ» ይባላል። የበሽታው ዋና ምንጭ እሱ ነው። ዲች ውስጥ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ወንዝ ውስጥ በምንም ሰበብ አይገባም።

ሁለተኛው እጣቢ ነው። የሰሐን፣ የልብስ፣ የገላ። በሰነድ ላይ «ግራጫ ውሃ» የሚል ታገኛላችሁ፣ ያው እጣቢ ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳው በእሱ ነው፤ «ሳሙና እኮ ነው፣ ምን አለበት?» ይባላል። አለበት። እጣቢ ውስጥ ስብ አለ፣ የምግብ ፍርፋሪ አለ፣ የሕፃን ጨርቅ ከታጠበበት ደግሞ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ብዙም አይርቅም። ዲች ውስጥ ሲቆም በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ያን ሽታ ሰኞ ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ በአንዳንድ መንደር ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው የዝናብ ውሃ ነው። ከጣራ፣ ከግቢ ንጣፍ የሚወርደው። ዲቹ የተሠራው ለእሱ ብቻ ነው። ይህ ውሃ ወደ ሴፕቲክ (የመጸዳጃ ፍሳሽ ወደሚጠራቀምበት ታንክ) ከገባ ደግሞ ተገላቢጦሹ ጥፋት ይሆናል፤ አንድ የክረምት ዶፍ ሴፕቲኩን ሞልቶ ያልበሰለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣዋል። የጣራ አሸንዳ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ የተቀጠለበት ቤት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

አራተኛው የሥራ ፍሳሽ ነው። የመኪና እጥበት፣ የሥጋ ቤት፣ የጋራዥ፣ የፋብሪካ። ሰነዱ «የኢንዱስትሪ ፍሳሽ» ይለዋል። ሥራችሁ ትንሽ ስለሆነ አይመለከተኝም አትበሉ። አንድ መኪና አጣቢ በቀን የሚያወጣው ዘይትና ጭቃ ከአንድ ሰፈር እጣቢ ሊብስ ይችላል።

ለምን ይህን ያህል እለያለሁ? ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ በኮምቦልቻ መሀል ያልፋል፣ ወደ ከሚሴ ይቀጥላል፣ በመጨረሻ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ደሴ ዲች ውስጥ የተለቀቀ ነገር የሆነ ሰው ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ቆዳ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እነ ለየሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞችም ከዚያ የሚወጣውን ተቀብለው ወደ ቦርከና ያደርሳሉ። ከታች ያለው ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በዚሁ ውሃ ነው።

3. ውሃውን ተከትላችሁ ውረዱ

አሁን ውሃው የሚሄድበትን ዕቃ በስሙ እወቁ። ላቫንዲኖ ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ ሲፎን ነው፤ ውስጡ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፣ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ግቢ ውስጥ ቱቦዎች የሚገናኙባት ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ፖዜቶ ናት። መንገድ ላይ ያለው፣ ሰው የሚገባበት ትልቁ ማንሆል ነው። «የፍሳሽ መስመር» ሲባል የተዘጋ፣ መጸዳጃ የሚወስድ ቱቦ ነው። «የጎርፍ መስመር» ወይም «የጎርፍ ማፋሰሻ» ሲባል ዲቹ፣ ካልቨርቱ (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው)፣ የዝናብ ቱቦው ነው። ሁለቱ በብዙ ሰው አፍ «ቱቦ» ናቸው። ሰነድ ላይ ግን ከተደባለቁ ቅጣት ያመጣሉ።

ቱቦው መሬት ውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም። የቀለም ሙከራ አድርጉ። ቀላል ነው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል። አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም በጥብጡ። አንዱ ሰው ዲቹ አጠገብ ስልክ ይዞ ይቁም። ሌላው ባልዲውን ላቫንዲኖ ውስጥ ያፍስስ፣ ሰዓቱን ይያዝ። ከዚያ ገላ መታጠቢያው፣ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው፣ መጨረሻ ሽንት ቤቱ። በየመሀሉ ንጹሕ ውሃ ልቀቁና ቀለሙ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አለዚያ የትኛው እንደወጣ ይምታታባችኋል።

የእኛን ቤት በዚህ መንገድ ነው ያገኘነው። እናቴ ማድ ቤት ቆማ አፈሰሰች፣ እኔ ድልድዩ ሥር ጎንበስ ብዬ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከድንጋዩ መሀል ቀጭን ቀይ ውሃ ብቅ አለ፣ አረፋ ተሸክሟል። ጎረቤታችን እትዬ አጥር ላይ ሆነው ያያሉ። «አብሽር ልጄ፣ የኔም በዚያው ይሆናል፤ ነገ ባልዲውን ወዲህ አምጣው» አሉኝ። በማግስቱ ሞከርነው፤ የሳቸውም በዚያው ነበር።

ውጤቱን ንድፉ ላይ ጻፉት፣ የቀለሙንም ፎቶ አንሡ። ይህ ወረቀት ኋላ ለመልስ ደብዳቤው አባሪ ይሆናል።

4. ጉድጓዱን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት

ደንቡም ደብዳቤውም «ሴፕቲክ ታንክ አለዎት ወይ?» ይላል። አብዛኛው ሰው «አዎ» ይላል። ሲከፈት የሚገኘው ግን ጉድጓድ ነው። ልዩነቱን እንይ።

ተራ የመጸዳጃ ጉድጓድ መሬት ተቆፍሮ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ነው። ታችና ጎኑ ክፍት ከሆነ ውሃው ይሰርጋል፣ ጠጣሩ ይቀራል። ሴፕቲክ ታንክ ግን ውሃ የማያሳልፍ፣ የተለሰነ፣ ቢያንስ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ጠላ ጋን ውስጥ ሲቀመጥ የሚሆነውን አስቡ፤ አተላው ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀሉ ይጠራል። ሴፕቲክም እንዲሁ ነው። ከታች የሚቀረው «ዝቃጭ» ይባላል። ከላይ የስብ ንጣፍ ይሠራል። መሀል ያለው በቲ ቅርጽ ቱቦ በኩል ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይሄዳል። ያ ቲ ከሌለ ስቡ አብሮ ይወጣል። አናጺውንና ግንበኛውን «ቲው የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መግቢያው ከመውጫው በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት።

ከሴፕቲክ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ አይደለም። ቀጣዩ ቦታ ማስረጊያ ጉድጓድ ነው፤ ግንበኞቹ ሶክ አዌይ ይሉታል። ሴፕቲክ አለኝ ብሎ መውጫውን ዲች ውስጥ መልቀቅ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ስፋቱን ለመገመት እንዲህ አስሉ። 8 ሰው አለ፣ ሰው በቀን 60 ሊትር ይለቃል እንበል፤ 480 ሊትር ነው። ውሃው ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ስላለበት ይህን ያህል ቦታ ለውሃ ያዙ። ዝቃጭ ለአንድ ሰው በዓመት በግምት 40 ሊትር ይጠራቀማል። በ3 ዓመት አንዴ ልታስመጥጡ ካሰባችሁ 8 በ40 በ3፣ 960 ሊትር። ድምሩ 1,440 ሊትር። እንግዳ አለ፣ ድግስ አለ፣ ሊትሩም ሊጨምር ይችላል፤ 2 ሜትር ኩብ አድርጉት። ወርድ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.2 ሜትር፣ ርዝመት 1.7 ሜትር ይሆናል። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው የመጀመሪያው ክፍል ይሁን። የቤቱ ሰው ከዚህ በላይ ከሆነ ወይም የሚከራይ ክፍል ካለ ለባለሙያ አሳዩ።

ማስረጊያው ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ጭንቀቱ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የማስረጊያው ወለል ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር ይራቅ። ደሴ ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። ተዳፋት ላይ ያለ ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይንሸራተታል። ከላይ ያለው ቤት ማስረጊያ ለታችኛው ቤት ግድግዳ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን ፈትኑ።

በታሰበው ጥልቀት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሞልታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፣ አፈሩ ይጥገብ። ጠዋት እንደገና ሙሉትና በእንጨት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለኩ። ውሃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ያ መሬት ማስረጊያ አይሆንም። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ውሃ የማያሳልፍ ማጠራቀሚያና ቶሎ ቶሎ ማስመጠጥ ነው። ወጪ ነው፤ ቤት ከመሰንጠቁ ግን ይሻላል።

ማስመጠጥ መቼ ነው? ዝቃጩና ከላይ ያለው የስብ ንጣፍ አንድ ላይ ከታንኩ አንድ ሦስተኛ ሲሞሉ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ታች ስደዱ፣ ስታወጡት ዝቃጩ የደረሰበት ጠቁሮ ይታያል። ለመኪናው ሾፌር «የት ትደፋዋለህ?» በሉት፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ደረሰኙ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ነው። ወንዝ ዳር የሚደፋ ከሆነ ግን የእናንተም እጅ አለበት።

አንድ ነገር በብርቱ ልበል። ሴፕቲክም ሆነ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በሁለት ሦስት ትንፋሽ ራስን ያስታል። አንዱ ወድቆ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ሞት እንዲህ ነው የሚደራረበው። ሽታ የለም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም፤ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል። ክዳኑን ክፈቱ፣ ራቁ፣ በመኪና አስመጥጡ። ክብሪት አትጫሩ። ክዳኑንም ልጅ በማያነሣው ነገር ዝጉት።

5. የሚያሳስቱ ቃላት

ማጣራት። በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ቆሻሻን ከውሃ መለየት፣ ሌላው ነገርን መመርመር። «ፍሳሹ ተጣርቶ ሪፖርት ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ አይቻለሁ። ባለ ሆቴሉ ማጣሪያ ሊገነባ ብሎክ ሊገዛ ነበር። ጸሐፊው ለማለት የፈለገው «ፍሳሹ ከየት እንደመጣ ይመርመርና ይነገረን» ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ማስወገድ። ብዙ ሰው መጣል ይመስለዋል። በደንብ ቋንቋ «በአግባቡ ማስወገድ» ማለት ሰውን፣ ውሃንና መሬትን በማይጎዳ መንገድ መጨረሻው ላይ ማድረስ ነው። ከግቢ አውጥቶ ጥግ ላይ መድፋት ማስወገድ አይደለም።

ልቀት። ከቦታችሁ ወደ ውጭ የሚለቀቀው ነው፤ ውሃም ጭስም ሊሆን ይችላል። «የልቀት ደረጃ» ሲሉ የመጨረሻው የተፈቀደ መጠን ማለታቸው ነው።

ቅድመ ማጣሪያ። ፍሳሹ ወደ ጋራ መስመር ወይም ወደ ሴፕቲክ ከመግባቱ በፊት እናንተ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነው። የምግብ ቤት የስብ ማጥመጃና የመኪና እጥበት የዘይት መለያ ዋና ምሳሌዎቹ ናቸው። የስብ ማጥመጃ ውስብስብ አይደለም፤ ውሃውን ቀዝቀዝና ረጋ የሚያደርግ ሳጥን ነው፣ ስቡ ሲንሳፈፍ በእጅ ይነሣል። ከአራት አንድ እጁ በስብ ሲሞላ አጽዱት። የደሴ ብርድ ስቡን ቱቦ ውስጥ ቶሎ ያረጋዋል፤ ሥጋ ቤት ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ትንንሾቹን ግሶች ተከታተሉ። «አለበት» ግዴታ ነው። «ይችላል» ሥልጣን ወይም ፈቃድ ነው። «እንደ አግባቡ» ሲል ውሳኔው ለባለሥልጣኑ ተትቷል ማለት ነው። «እና» እና «ወይም» ላይ ቆም በሉ፤ «ፈቃድና የላቦራቶሪ ውጤት» ሁለቱንም ይፈልጋል፣ «ፈቃድ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት» አንዱ ይበቃዋል።

የፌዴራል አዋጅ ስታነቡ መጀመሪያ አንቀጽ 2ን፣ «ትርጓሜ» የሚለውን ፈልጉ። «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» ብሎ ይጀምራል። ቃሉ በዚያ አዋጅ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው፣ የሰፈር አነጋገር አይደለም። ለምሳሌ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ትርጓሜ ፍሳሽ የተጣራውንም ያልተጣራውንም ይይዛል። ስለዚህ «እኔ አጣርቼ ነው የምለቀው» ማለት ከሕጉ አያወጣም፤ ማጣራቱ ደረጃውን ማሟላት አለበት። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል። የክልላችን ሕግ የሚታተመው ዝክረ ሕግ በሚባለው ጋዜጣ ላይ ነው። አዋጅ የምክር ቤት ነው፣ ደንብ ከሥሩ ነው፣ መመሪያ ደግሞ ከደንብ ሥር። ደብዳቤው «በመመሪያው መሠረት» ካለ የመመሪያውን ቁጥርና ዓመት ጠይቁና ቅጂውን አንብቡ።

6. የላቦራቶሪ ወረቀት ሲመጣ

ይህ ክፍል የሥራ ፍሳሽ ላላችሁ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ናችሁ። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች የሚለቁትን እንዲቆጣጠሩና በጽሑፍ እንዲመዘግቡ ያዛል። አነስተኛ ሥራም ቢሆን ደብተር መያዝ ይጠቅማል፤ ቀን፣ የውሃ መጠን፣ ማጥመጃው የጸዳበት ቀን።

ወረቀቱ ላይ «ቢ.ኦ.ዲ.» የሚል ታያላችሁ። በአማርኛ የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ነው። ነገሩ ይህ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲበሉ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ቆሻሻው ሲበዛ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዓሣው ይታፈናል፣ ወንዙ ይሸታል። ላቦራቶሪው ናሙናውን በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን አስቀምጦ ስንት ሚሊ ግራም ኦክስጅን እንደጠፋ ይለካል። የተራ መጸዳጃ ፍሳሽ በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ወተት 100,000 አካባቢ ነው። አንድ ጀሪካን የተበላሸ ወተት ዲች ውስጥ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ። አተላና ደምም ምግብ ናቸው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ለወንዝ አይጎዳም ማለት አይደለም።

«ሲ.ኦ.ዲ.» የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ነው፣ በኬሚካል የሚለካው፤ በቶሎ የማይበሰብሰውንም ስለሚጨምር ከቢ.ኦ.ዲ. ይበልጣል። ለጨርቃ ጨርቅ የወጣው ደረጃ ቢ.ኦ.ዲ. በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ ሲ.ኦ.ዲ. 150 ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 9 መሆን አለበት፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ አንድ ቁጥር ባለፈ ቁጥር ለውጡ አሥር እጥፍ ነው። ለቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ክሮሚየም የሚባለው ብረትም አብሮ ይለካል።

ቁጥሩ ሲበልጥ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን የሚመክራችሁ አይጠፋም። አትስሙት። ቆሻሻው አንድ ግራም አልቀነሰም፣ ውሃው ብቻ በዛ። ተቆጣጣሪውም የውሃ ቆጣሪያችሁን አይቶ ያውቀዋል።

ናሙናውን እዩት። «ቅጽበታዊ» ከሆነ በዚያች ደቂቃ የተቀዳ ነው፤ «ጥምር» ከሆነ ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ተቀድቶ የተደባለቀ ነው። እጥበት ላይ ሳላችሁ የተቀዳ ቅጽበታዊ ናሙና ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የተቀዳበትን ሰዓት አስመዝግቡ። ለቢ.ኦ.ዲ. የሚሄድ ናሙና በበረዶ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። በአዋጅ 300 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ ሊገባና ናሙና ሊወስድ ይችላል፤ አታግዱት። መታወቂያውን ማየት፣ አብሮ መቆም፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ ናሙና ለራስ መያዝ ግን ተገቢ ነው።

7. መልስ ጻፉ

ሥራው ሲያልቅ ዝም አትበሉ። ዝም ካላችሁ ፋይሉ ላይ የሚቀረው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። እንዲህ አጠር አድርጉት፦

«በቁጥር … በቀን … የተጻፈልንን ደብዳቤ ተቀብለናል። ከማድ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው እጣቢ በበራፋችን ካለው የጎርፍ መውረጃ ጋር ተገናኝቶ አግኝተነዋል። በቀን … አላቅቀን ወደ ሴፕቲክ ታንካችን አዙረናል። የመስመር ንድፍ፣ ፎቶና ደረሰኝ አያይዘናል። ባለሙያ ልካችሁ እንድታዩልን እንጠይቃለን።»

ልብ በሉ፣ «ፍሳሽ» የሚል የለበትም። እጣቢ ብላችኋል፣ ከየት እንደወጣ ብላችኋል፣ የት እንደሄደ ብላችኋል። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቁጥር አስመቱ።

ችግሩ የእናንተ ሳይሆን የሌላ ከሆነስ? ከላይ ያለ ድርጅት ወይም ቤት ወደ እናንተ የሚለቅ ከሆነ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አዋጅ 300 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ መንገዱን ያሳያል። ማንም ሰው «በግሌ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። 60ው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጀምሮ ነው። አቤቱታችሁ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ የትኛው ውሃ አካል ውስጥ እንደሚገባ ጻፉ። «ፍሳሽ ይለቃሉ» ብቻ ካላችሁ ባለሙያው የጎርፍ ውሃ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። «ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሰማያዊ፣ ትኩስ ውሃ ወደ ቦርከና ይገባል» ካላችሁ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቃል።

የመጨረሻው ፍተሻ ገንዘብ አይፈልግም። ወሎ ላይ በልግም ክረምትም ስላለ ወሩን መርጣችሁ አድርጉት። ኅዳር ላይ፣ ሁለት ሳምንት ዝናብ ሳይጥል፣ ጠዋት በራፍ ላይ ቁሙና ዲቹን እዩ። የሚፈስ የዝናብ ውሃ የለም። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት የሆነ ቤት ቱቦ አሁንም ገብቶበታል፤ ቀለሙንና ባልዲውን እንደገና አውጡ። የእኛ በራፍ ዲች ባለፈው ኅዳር አቧራ ይዞ ነበር። የእትዬም እንደዚያው።